መዳፍ የምታክል ነጅማ

ሀሺም ያን ዕቃ እንደገና ላሠራው ነው ሲላት፣ ሸምሲያ መጀመሪያ የመሰላት ቀልድ ነው። ነጅማ ማለት የሀሺም አባት በሕይወት ሳሉ አስገጣጥመው ጅዳ ገበያ ያወጡት የቴሌቪዥን ጌም ነበር። ጡብ የሚያክል ግራጫ ሳጥን፣ ሁለት እጀታ፣ ውስጡ የተቀበሩ ጥቂት ጨዋታዎች፤ ሌላ ምንም የለውም። ሲሞቅ ይጠፋል። ሲጠፋ ሀሺም ያለቅሳል። ሀሺም ሲያለቅስ እናቱ ማዳም ከፎቅ ላይ ትጮኻለች። ሸምሲያም እርጥብ ጨርቅ ይዛ እየሮጠች ሳጥኑን ታቀዘቅዛለች። ስለ ነጅማ የምታስታውሰው ይህን ነው እንጂ ናፍቆት የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም።

"በትንሹ ነው የማሠራው" አላት ሀሺም፣ ጅዳ ሰቢል ሰፈር መግቢያ ላይ መኪናውን አቁሞ። "መዳፍ የምታክል፣ ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰካ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሁሉ ይገዛታል። ወላሂ ሸምሱ፣ ሰው ልጅነቱን ይገዛል።"

"ልጅነትህ ይሞቅ ነበር እኮ" አለችው።

ሳቀ። ያ በእርጥብ ጨርቅ የምታባብለው ልጅ ዛሬ ጢሙን በየሳምንቱ የሚያስተካክል፣ ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ ጎልማሳ ሆኗል። ሸምሲያ ግን አሁንም ስታየው ቅንድቡ መሀል ያለችውን፣ ወድቆ ያተረፋትን ጠባሳ ነው የምትፈልገው። ቁስሉን ያሰረችለት እሷ ናት።

ነገሩ ለሀሺም ንግድ ነው፤ ለሸምሲያ ግን የወረቀት ጉዳይ ሆነባት። ከወሎ ስትመጣ ከፊሏ፣ በስሟ ያስመጣቻት ዋስ አሠሪዋ፣ ማዳም የሀሺም እናት ነበረች። ማዳም ካረፈች ወዲህ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሚያድስላት ስላልነበረ፣ ሰቢል ውስጥ ከአገሯ ልጅ ከዘኪያ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ በየሰው ቤት እየዞረች ስታጸዳ ከረመች። ያኔ ማንም ግድ አልነበረውም። ዘንድሮ ግን የምሕረት ጊዜ ታወጀና፣ ረመዳን ሳይገባ ወረቀቱን በሚሠራበት ከፊል ስም ያላዛወረ ሁሉ እየተለቀመ ወደ አገሩ ይሸኛል ተባለ። ዘኪያ ወዲያው ቆርጣ ሻንጣዋን ገዛች። ሸምሲያ መቁረጥ አልቻለችም። ጡት እንዳስጣለቻት ለእናቷ ትታት የመጣችው ሴት ልጇ ደሴ ነርሲንግ ትማራለች፤ ልትጨርስ የቀራት ጥቂት ነው። አሁን ባዶ እጇን ከገባች የልጅቱ ትምህርት ውሃ በላው ማለት ነው።

ሀሺም ደግሞ ሚስት የለውም፤ ላጤ ወንድ የቤት ሠራተኛ በስሙ ማድረግ አይፈቀድለትም። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ድርጅት ከከፈተ ሸምሲያን በድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ አድርጎ ያዛውራታል። ድርጅቱ የሚከፈተው ነጅማ እንደገና ከተወለደች ነው፤ ነጅማ የምትወለደው መካ ያሉት አጎቱ ሸይኽ ማሕሙድ ገንዘብ ካወጡ ነው። እንግዲህ የሸምሲያ እንጀራ በዚያ አሮጌ ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው።

"አጎቴ ወሬ አያሳምነውም" አላት። "ስንጫወት ማየት አለበት። ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ፤ መምጣት አለብሽ።"

እውነቱን ነው፤ ከእሷ ሌላ የሚያጫውተው አልነበረም። አባቱ ሞተዋል፣ ወንድም የለው፣ ማዳም ራሷን ያማታል። ዋናው ጨዋታ ሁለት ዕንቁ ጠላቂዎች ባሕር ወለል እየወረዱ ዕንቁ የሚለቅሙበት ነው። ቅርጫቱን ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል፤ መሀል ላይ አንድ ሻርክ ይንጎራደዳል። ሸምሲያ ጨዋታው በአንድ ሳምንት ገብቷት ነበር። ከባዱ መሸነፉ ነው። መሸነፍ ቀላል የሚመስለው ልጅ አሳድጎ ለማያውቅ ሰው ነው። ቶሎ ከተሸነፉለት ይነቃል፤ ካሸነፉት ያለቅሳል። ስለዚህ ሸምሲያ ዘዴ አበጀች። እኩል እኩል ትሄዳለች፣ ትንሽ ትቀድመዋለች፣ ልጁ መቀመጥ ሲያቅተውና ለእሷ አንዲት ዕንቁ ብቻ ስትቀራት ሻርኩ አፍ ውስጥ ሰተት ብላ ትገባና "ያ ረቢ! በላኝ!" ብላ ትጮኻለች። ሀሺም ምንጣፉ ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አንድም ቀን አሸንፋው አታውቅም፤ እሱም አንድም ቀን በራሱ ጉልበት አሸንፏት አያውቅም።

ሐጅ አልፎ ሑጃጁ ወደየአገሩ መመለስ ሲጀምር ወደ መካ ሄዱ። ሹመይሲ ኬላ ሲደርሱ ሸምሲያ ኋላ ወንበር ላይ ዓባያዋን ሰብስባ ቁጭ ብላ፣ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ በልቧ አንድ በአንድ ጨረሰችው። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አያት።

"የቤታችን ሠራተኛ፣ ሸጋላችን ናት" አለ ሀሺም፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ። ወታደሩ "ያላ፣ እለፍ" አለው። ለእሱ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የሸይኽ ማሕሙድ ሕንጻ መካ ዓዚዚያ ሰፈር ነው፤ በሐጅ ጊዜ ለሑጃጅ ይከራያል። ፍራሾቹ ኮሪደሩ ላይ ተደራርበው ተቆልለዋል፣ ሠራተኞች ምንጣፍ ያራግፋሉ። ሽማግሌው ምድር ቤት እንግዳ መቀበያ መጅሊሳቸው ውስጥ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሀሺም ከከረጢቱ ለናሙና ያሠራትን ትንሿን ነጅማ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ገለባብጠው አዩዋት።

"ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን የሸጠው ያን ጊዜ ሌላ ስላልነበረ ነው" አሉ። "ዛሬ የልጅ ልጆቼ ዓለሙን ሁሉ በስልካቸው ይጫወታሉ። የሞተን ነገር ከመቃብር ማውጣት ለምን አስፈለገ?"

"ትዝታ ነው፣ አጎቴ።"

"ትዝታ በነጻ አለኝ። ለምን እገዛዋለሁ?"

 ሸምሲያ በሩ አጠገብ ቆማ በልቧ "እኚህስ የሚናገሩትን ያውቃሉ" አለች፤ ወዲያው ደግሞ ወረቀቷ ትዝ ሲላት ደነገጠች። ልባቸው ቢራራ ምን ነበረበት?

"ወሬውን ተዉትና ተጫወቱ" አሉ ሸይኹ። "ካሳቃችሁኝ እንነጋገራለን።"

ሸምሲያ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጀታውን ስትይዝ ጣቶቿ ሳታዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሥዕሉ ያው የድሮው ነው፣ ጥርሱ የተሸራረፈ ሻርክ፣ ያ ራስ የሚያዞር ዜማ። ዕቃው ቢያንስም አስቀያሚነቱ አላነሰም። ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ዕንቁ እሱ፣ አንድ እሷ። ሻርኩን ለጥቂት አመለጠችው፣ እንደገና አመለጠችው፣ ቀደመችው። ሀሺም ጉልበቱ ላይ ተነሳ። ሸይኹ ትራሳቸውን ለቀው ወደ ፊት ሳብ አሉ።

"ከኋላሽ ነው! ከኋላሽ!" ብለው ጮኹላት።

ሸምሲያ አንዲት ዕንቁ ቀርታታለች። እጇ ዞር ቢል ጨርሳለች። ሰተት ብላ ሻርኩ አፍ ውስጥ ገባችና "ያ ረቢ! በላኝ!" አለች። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ሀሺም እጆቹን ወደ ጣራው ዘረጋ።

ሳቃቸው ሲበርድ ሸይኹ ወደ እሷ ዞሩ። "ከዚህ ልጅ ጋር የኖርሽው አንቺ ነሽ። ያለንበት ምድር ሐረም፣ የተቀደሰ ነው፤ እዚህ የሚዋሽ ራሱን ነው የሚጎዳው። በአላህ ይሁንብሽ፣ ይህ ነገር እንደገና ሊሠራ ይገባዋል?"

 እውነቱማ አይገባውም። ድሮም የሚረባ ዕቃ አልነበረም፤ ያሳቃቸው ዕቃው ሳይሆን የእሷ ጩኸት ነው። አይገባውም ካለች የልጇ ትምህርት አለቀለት። ይገባዋል ካለች ደግሞ ሰው ወንጀሉን ሊያራግፍ ባሕር አቋርጦ በሚመጣበት ምድር ላይ በአላህ ስም ልትዋሽ ነው። ዘዴዋ ሁሉ ጠፋት። ቀና ስትል የሀሺም ፊት ላይ ዓይኗ አረፈ፤ አሁንም ጥርሱን እንደገለጠ ነው።

"እኔ የዕቃ አዋቂ አይደለሁም፣ ያ ሸይኽ" አለች። "የማውቀው አንድ ነገር ነው። ወላሂ፣ አባቱ ያረፉ ዓመት ይህ ልጅ ሲስቅ ያየሁት ይህን ሲጫወት ብቻ ነው።"

 ሸይኽ ማሕሙድ የራስ መጠምጠሚያቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ጀምር" አሉት የወንድማቸውን ልጅ። "ጀምር፣ ቢስሚላህ በል።"

ሲመለሱ ሀሺም መኪናው ውስጥ መሪውን እየደበደበ ይዘፍን ነበር። "አየሽው አይደል እንዴት እንዳሸነፍኩሽ? እጄ አልረሳም! አብሽሪ ሸምሱ፣ ወረቀትሽ አለቀ ብለሽ ቁጠሪው።" ሸምሲያ ደስታዋ ቅጥ አጣ። አልዋሸችም፤ ልጇም ትማራለች። የዚያኑ ዕለት ደሴ ደውላ "አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ" አለቻት። ዘኪያንም ሻንጣሽን መልሽው፣ ለአንቺም እለምነዋለሁ እስከማለት ደረሰች። ዘኪያ ግን ሻንጣዋን አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ሀሺም ጠፋ። ስትደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል፤ እሷም ሥራው በዝቶበት ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። ሰቢል ውስጥ ሱቆች አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። ሰዎች ዕቃቸውን መንገድ ላይ አውጥተው ላገኙት ሁሉ ይሰጣሉ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሀሺም ራሱ ደረጃውን ወጥቶ የክፍላቸውን በር አንኳኳ። ዘኪያ ሻሿን ጣል አድርጋ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። እጁ ላይ ሪባን የታሰረባት ትንሽ ካርቶን አለች።

"ከሚሸጡት የመጀመሪያዋ ናት" አለ። "ለማንም ሳልሰጥ ላንቺ አመጣሁ።"

"ወረቀቴስ?" አለች ሸምሲያ።

ጢሙን አሻሸ። "ድርጅቱ ተከፈተ፣ አልሀምዱሊላህ። ግን አዲስ ስለሆነ የፈቀዱልኝ የሠራተኛ ቦታ ጥቂት ነው። ለኢንጂነሮቹ ካላደረግኩት ሥራው ይቆማል። አሁን አገርሽ ግቢ፤ ዓመቱ ሳይሞላ በአዲስ ቪዛ አመጣሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

"አንድ ቦታ፣ ሀሺም። አንዲት ቦታ ለእኔ።"

"ሸምሱ፣ ኸላስ፣ አታስቸግሪኝ" አለ፣ ፈገግ ብሎ። ክፋት አልነበረበትም። እንደማታስቸግረው ያውቃል፤ አስቸግራውም አታውቅም።

 በዚያ አገር በኖረችበት ዘመን አላህ ያልፈቀደውንና ሰው ማድረግ ያልፈለገውን መለየት ተምራለች። ካርቶኗን ተቀብላ ከፈተቻት፤ ሽቦዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችና "ተቀመጥ" አለችው።

ተቀመጠ፤ ደስ እያለው። ዜማው ጀመረ። ሸምሲያ አልጮኸችም፣ አልተንገዳገደችም። ወርዳ ለቀመች፣ ሻርኩን አለፈችው፣ ወጣች፤ ወርዳ ለቀመች፣ ወጣች። ሀሺም ግማሹን ሳይሞላ ጨረሰች። "እንደገና" አለ። እንደገና አሸነፈችው። በሦስተኛው የታችኛው ከንፈሩ ያን የምታውቀውን መንቀጥቀጥ ሲጀምር በጎን አየችው። እዚያው ሻርኩ ፊት ለፊቷ ነበር፤ ትንሽ እጇን መልቀቅ ብቻ ነው። አለቀቀችም።

ሀሺም እጀታውን አስቀምጦ ትንሿን ሳጥን አነሳና ገለባበጣት። ሆዷን በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት።

"የሆነ ነገር አበላሽተዋል" አለ። "ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሻርኩ አንቺን አይነካም! ጨዋታው ምንም አያስቅም።"

"ዕቃው ደህና ነው" አለችው ሸምሲያ። "እኔ ነበርኩ ሆን ብዬ የምሸነፍልህ። ሁልጊዜ። አጎትህ ፊትም።"

ሀሺም አያትና ሳቀ። "አይ ሸምሱ፣ ተናደሽ ነው። ይገባኛል።" ሽቦውን ነቅሎ በእጁ ላይ ጠቀለለው፤ ነጅማን ካርቶኗ ውስጥ መለሳት። "ለኢንጂነሮቹ አሳያቸዋለሁ። ሲስተካከል እልክልሻለሁ።" ብብቱ ሥር ሸጉጧት፣ ዘኪያን በሰላምታ ተሰናብቶ ደረጃውን ወረደ።

ዘኪያ በሩ ላይ ቆማ እስኪርቅ አየችው። "ስጦታውን ይዞት ሄደ?"

"ይዞት ሄደ።"

"ኧረ በአላህ!" አለች ዘኪያ፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። "ምን ዓይነት ሰው ነው? ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገው?"

ሸምሲያ አልጋው ላይ ወጥታ ከቁም ሣጥኑ አናት ሻንጣዋን አወረደች። አቧራውን በእጇ ጠረገችው።

"እኔ ነኝ" አለች።