የዳኛዋ ምላስ

በሻይ ማሸጊያው ፋብሪካ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ዳኛዋ ይሏታል። ጠዋት ጠዋት በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጫጭ ሲኒዎች ይደረደራሉ። እሷ በማንኪያ ትጨልፋለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ፉት ትላለች፣ አፏ ውስጥ አገላብጣ ባልዲው ውስጥ እንትፍ ትላለች። ከዚያ ፍርድ ነው። «ይለፍ» ካለች ሻዩ በደህናው ፓኮ ይታሸጋል። «ነካሽ» ካለች ግን አለቀለት፤ ተፈጭቶ ከርካሹ ጋር ይደባለቃል። ነካሽ ማለት በዚያ ቤት ቋንቋ አፍ የሚያደርቅ፣ ምላስን ጨምድዶ የሚይዝ ሻይ ነው። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ጊዜ ይግባኝ ሊል ሞክሮ ነበር። «እንግዲያው እንካ፣ አንተ ቅመስ» ብላ ማንኪያውን ስትዘረጋለት ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ።

እንግዲህ አንገቷ ላይ እብጠት የወጣባት እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሐኪሙ የታይሮይድ ካንሰር ነው ሲላት አለቀሰች፤ ያውም በባሏ ፊት ብቻ፣ ለአንድ ምሽት ብቻ። ሲነጋ ፊቷን ታጥባ «እሺ፣ ምን ይደረጋል?» አለች። የሚደረገው ብዙ ነበር። መጀመሪያ ዕጢው በቀዶ ጥገና ወጣ። ቀጥሎ የተረፈውን ርዝራዥ እንዲያቃጥልላት ጨረር ያለው አዮዲን በክኒን መልክ እንድትውጥ ተባለ። ክኒኑን ያመጣላት ባለሙያ ከወፍራም የብረት ዕቃ አውጥቶ ሰጣትና ወዲያው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ የምትሸሸውን ነው እኔ የምውጠው?» አለችው።

«እርስዎ አንድ ጊዜ ነው የሚውጡት፣ እኔ ግን በየቀኑ ነው የማድለው» አላት እየሳቀ። መልሱ ደስ አላትና ዋጠችው።

ቤት ስትመለስ ጨረሩ ከሰውነቷ እስኪወጣ ከጓሮ በኩል ባለው ክፍል ለብቻዋ ተቀመጠች። ሲኒዋ ለብቻ፣ ፎጣዋ ለብቻ። ሴት ልጇ በሩ ሥር ተቀምጣ «እማዬ፣ ማታ ማታ ታበሪያለሽ እንዴ?» እያለች ትጠይቃታለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ «እንኳን አበራሽ! መብራት በጠፋ ቁጥር እኔን መጥራት ቀረ» ይላል። ትስቃለች። ልጇን ማቀፍ አለመቻሏ ግን ከቢላዋው ይልቅ አሟት ነበር።

ሐኪሙ ካስጠነቀቃት ሁሉ በጆሮዋ የቀረው አንድ ነገር ነው። «የምራቅ ዕጢዎችም አዮዲኑን ይሻማሉ» ብሏት ነበር። «አፍሽ ሊደርቅ ይችላል። ጣዕምም ሊጠፋብሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን አይመለስም።» ለሌላ ሰው ይህ የምግብ ፍላጎት ጉዳይ ነው። ለእሷ እንጀራዋ ነው፣ ክብሯ ነው፣ ሰው መሆኗ ነው። ያለ ምላስ ዳኛዋ ማን ናት?

ጥቂት ቆይቶ ከጆሮዋ ሥር ግራና ቀኝ አበጠ። ባሏ በርቀት ቆሞ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።» ስትስቅ አመማት፣ ስላመማት ደግሞ ይበልጥ ሳቀች። ያኔ የምትቀምሰው ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይላት ነበር። እሷ ግን የሎሚ ከረሜላ እየመጠጠች፣ ውሃ እየጋተች፣ «ይመለሳል» ትላለች። ለምን እንዳመነች ቢጠይቋት «ምላሴን አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር ማስረጃ የላትም።

ደግሞም ተመለሰ! እብጠቱ ጎደለ፣ የሳንቲሙ ጣዕም ጠፋ። ወጥ ቤት ገብታ ስኳሩን፣ ጨውን፣ ሎሚውን አንድ በአንድ ቀመሰች። ስኳሩ ጣፈጣት፣ ሎሚው ኮመጠጣት። አፏ አሁንም ደረቅ ስለነበር የውሃ ጠርሙስ ከእጇ አይለይም። ይህን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ድርቀት ሌላ፣ ምላስ ሌላ ብላ ሥራዋ ገባች።

ከዚያ መዓት ወረደ። የመጀመሪያው ሲኒ ነካሽ፣ ሁለተኛው ነካሽ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም የባሰ። «ዘንድሮ ሻዩን ምን ነካው?» እያለች ለቃሚዎቹን ወቀሰች፣ ማድረቂያውን ወቀሰች፣ ዝናቡንም አልማረችው። የተጣለው ሻይ ወደ መጋዘን እየተጋዘ ተከመረ፤ የሥራ አስኪያጁ ፊት ከቀን ቀን እየገረጣ ሄደ።

ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቷ የሚቀምሰው ሁለተኛው ቀማሽ በዕድሜ ይበልጣታል። ሠራተኛው ጋሽ ዝም ይለዋል። ስንት ዓመት አብረው ሲቀምሱ የእሷን ፍርድ ሰምቶ ራሱን በእሺታ ከመነቅነቅ በቀር ያለው የለም። አንድ ቀን ግን በየዓመቱ ያለ ክርክር የሚያልፈውን የደጋውን ሻይ ቀመሰችና «ነካሽ!» ብላ ተፋች። ጋሽ ዝም ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔን አልነከሰኝም» አለ።

ውሃ የምታፈላው ሴት ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቀረች።

«ምን አልክ ጋሼ?»

«አልነከሰኝም። ለስላሳ ነው።»

«እንግዲያው ጥርሱን አውልቆ ነዋ አንተ ጋ የመጣው!» ብላ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

ማታ ራት ላይ ተቆጥታ ተቀመጠች። ዳቦውን ቆርሳ ነከሰች፣ አኘከች፣ አልዋጥ አላት። «ምን ዓይነት ደረቅ ዳቦ ነው የገዛኸው?» አለችው ባሏን። ልጇ ጉንጯን በዳቦ ነፍታ ቀና ብላ አየቻት። ባሏ ቀስ ብሎ፣ «የኔ እመቤት፣ ሦስታችንም ከአንዱ ዳቦ ነው እኮ የቆረስነው። ለእኛ ትኩስ ነው» አላት። ዳቦውን በውሃ አወራርዳ ዋጠችና ተኛች፤ ከተኛች።

በነጋታው ከሁሉ ቀድማ ገባች። ጋሽ ዝም ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ሲኒዎቹን አንተ ደርድርልኝ። የቱ የምን እንደሆነ እንዳትነግረኝ» አለችው። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ እሱም ደረደረ። መቅመስ ጀመረች። ነካሽ። ነካሽ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተጨማደደ። «ይሄ ደግሞ አፍ የሚልጥ ነው! የማን ቆሻሻ ነው?»

ጋሽ ዝም እንደ ስሙ ዝም አለ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ያንቺ ነው» አላት። «የቤቱ ቅይጥ።»

የቤቱን ቅይጥ ልጇ በተወለደች ዓመት ራሷ ናት የቀመመችው። ፋብሪካው ስም ያወጣበት ሻይ ነው። በእንቅልፍ ልቧ ቢያቀምሷት ታውቀዋለች ይባል ነበር፤ እሷም ትለው ነበር። ሲኒውን ይዛ ተቀመጠች። ለአዲስ ቀማሾች ስታስተምር አንደኛው ትምህርቷ ምን ነበር? በደረቅ አፍ አትቅመሱ፣ የሻይን ንክሻ የሚያለዝበው ምራቅ ነው። ሕፃን የሚያውቀውን! ምራቋን ጨረሩ ወስዶባት ሻዩን ስትከስ ከረመች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አፈረች። ከኀፍረቱ ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት መጣ፤ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ ጋሽ ዝም ነው። ዝም በል ብትለው እስከ መቃብር ዝም ይላል። እሷም አፏን በውሃ እያራሰች፣ የእሱን ዓይን እያየች፣ ፍርዱን በግምት እየሰጠች ወንበሯን ልትጠብቅ ትችላለች። ይህን ለአንድ አፍታ አሰበችው። ከዚያ ራሷን ናቀች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ተነሣች፣ ጋሽ ዝምን በክንዱ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ስማኝ» አለችው። «ከተመለስኩ ወዲህ የጣልኩት ሻይ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው የኔ አፍ ውስጥ ነው። ሕክምናው ምራቄን አድርቆታል፣ ሁሉ ነገር ይነክሰኛል።»

ወጣቱ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ይመለሳል አይደል?»

«ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

«ባይመለስስ እትዬ?»

«ባይመለስ አፍንጫዬ አለ፣ ዓይኔ አለ። ሽታውንና መልኩን እንደ እኔ የሚለይልህ ካገኘህ ዛሬውኑ አሰናብተኝ። አታገኝም! ንክሻውን ግን እሱ ይፍረድ።»

«ታዲያ ዋናው ወንበርስ?»

ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። «ወንበሩ የምላስ ነው። ምላስ ያለው ይቀመጥበት» አለች።

ከቢሮው ሲወጡ በችኮላ ወደ መጋዘኑ ዞረች። «ያ ሁሉ ሻይ ሳይፈጭ እንድረስ!»

«አልተፈጨም» አለ ጋሽ ዝም።

«እንዴት አልተፈጨም?»

«አላስፈጨሁትም። ራስሽ ትደርሺበታለሽ ብዬ አቆየሁት።»

ዳኛዋ እንደገና ክንዱን ያዘችው።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ጋሽ ዝም ዋናው ወንበር አጠገብ ሲደርስ አመነታ። እሷ ጎትታ አስቀመጠችውና ወደ ማዶ ዞራ በእሱ ቦታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀመጠች። ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ዓይኗን ወጋት። እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች፤ ሲኒዎቹ አንጸባርቀው አንዱ ከአንዱ አይለይም።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ምንም አይታይም! ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያጨነቆርክ ነው የቀመስከው?»

«ይለመዳል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለ ጋሽ ዝም።

ዳኛዋ ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበችና የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ና በዚያ በኩል አንሣ» አለችው። «ለሁለታችንም እንዲታየን አድርገን እናዙረው።»