የአያት እርሾ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ድስቱን ስትከፍተው ወተቱ ያው ወተት ሆኖ ጠበቃት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አድሮ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሳትቀምሰው ጥፋቷ ገባት። ማታ ዓይኗ አልገለጥ ቢላት፣ ትንሿን ጣቷን ነክራ ሙቀቱን ሳትለካ እርሾውን ገለበጠችበት። እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ነፍስ አላቸው፤ ለብታ ይወዳሉ እንጂ ቃጠሎ አይችሉም። ፈጀቻቸው።

እርሾው ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ሳይቋረጥ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲዞር የኖረ ነው እየተባለች ነው ያደገችው። እናቷ ከታመሙ ወዲህ ሌላ እህል አፋቸው አይገባም፤ ነፍሳቸውን ያቆየው ይኸው እርጎ ነው። ለክፉ ቀን የምታስቀምጠውንም ማንኪያ ትናንት "ትንሽ ጨምሪልኝ" ቢሏት አንጀቷ አልችል ብሎ ሰጥታቸዋለች።

ወንድሟ ደወለ። እሱ በስልክ ማስታመም ማን ብሎት! ከሱቅ መግዛት እንደሚቻል፣ ይህን ያህል መጨነቅ እንደማያስፈልግ አስረዳት። ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው። ቢሆንም ሌላ ምን መላ አላት? የሱቁን ገዝታ በእናቷ ጎድጓዳ ሣህን ገለበጠችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

እናቷ የመጀመሪያዋን ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ። ካልዋጧት ከዚህ በኋላ የምታቀርብላቸው ነገር የለም። ዋጧት።

"ይሄ የኛ አይደለም" አሉ።

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ግን ለመዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል። "አቃጠልኩት፣ እማዬ። ጨረስኩት" አለችና እንባዋ መጣ። ከታመሙ ወዲህ ፊታቸው አልቅሳ አታውቅም ነበር።

እናቷ የመርፌ ጠባሳ የሞላውን ጣቷን ያዙ። "እኔም አንቺን ሳጠባ አቃጥዬዋለሁ። ከዚያ በኋላም ስንቴ መሰለሽ። ከጎረቤት እየለመንኩ ነበር የማረጋው።"

"የአያቴ ነው ትዪኝ አልነበር?"

"እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለኝ" አሉ። "እሷም ደክሟት እንደሆነ ማን ያውቃል" ሲሉ ጨመሩ።

ከዚያ አፋቸውን ከፈቱላት። ማንኪያ በማንኪያ እያጎረሰቻቸው ሣህኑ ሊያልቅ ሲል እናቷ በእጃቸው ከለከሏት።

"እሷን ለእርሾ አስቀምጪ" አሉ። "ሲጠይቁሽ የአያቴ ነው በይ። አሁን ግን እዚሁ አጠገቤ ጋደም በይ።"

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋደም አለች።