ሥጋ ያልያዙት አውራዎች

ምን ብዬ ልመልስላት? ያዋጣል ብላት ወጣትነቷን የዶሮ ኩስ ስትጠርግ ትጨርሰዋለች፤ አያዋጣም ብላት ደግሞ ሻንጣዋን አንስታ ትሄድብኛለች። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

የልጅ ልጄ ናት፤ ጡት ከጣለች ጀምሮ በእጄ ያደገች። ጓደኛዋ ትልቁ ከተማ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች። እሷ ግን "ዶሮዎቼ ካዋጡ አልሄድም" ብላ ቆየች። ዶሮዎቿ ከእንቁላል ጣይ ዘር የተፈለፈሉ ወንዶች ናቸው። እንቁላል አይጥሉ፣ ጫጩት ማስፈልፈያው ድርጅት ምን ይሠራባቸዋል? ለፈለገ ሁሉ በነፃ ይሰጣል። እሷም በካርቶን ሞልታ አመጣቻቸውና "ለሥጋ አሳድጌ እሸጣለሁ" አለች።

ካርቶኑን ከፈተችው። ጭውጭውታው ባለቤቴን ከሞት የቀሰቀሰው መሰለኝ። እሱም ከእንጨት ሥራው ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ጓሮ ገብቶ፣ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ሰጋቱራ ላይ ተንበርክኮ፣ አምፖሉን ከፍ ዝቅ እያደረገ ጫጩት ያሞቅ ነበር። ልጆቼ ይከቡታል፤ ጫጫታው አይጣል ነው። እኔ "አምፖሉ እሳት ያስነሳብናል" እያልኩ በሩ ላይ እንቆራጠጣለሁ። "አንቺ እኮ ዝናብ ሲዘንብ ዓሣው እንዳይሰምጥ የምትሰጊ ሴት ነሽ" ይለኝና ይስቃል። ያን ጭንቀት እንኳ ናፈቅሁት።

ወራት አለፉ። ትናንት መኖ ሻጩ ጆንያ ሊያወርድ መጥቶ አንዱን አውራ ብድግ አደረገና ደረቱን ዳበሰው።

"እማማ፣ ይኼ ዶሮ ነው ወይስ ላባ የለበሰ ጃንጥላ?"

"አፍህን ያዝ! ገና ልጅ ነው፤ ይሞላል።"

"የሥጋ ዘር ቢሆን እኮ ይኼኔ ተሽጦ ተረስቷል። ይኼ መኖ በበላ ቁጥር ቁመት ብቻ ነው የሚጨምረው። ለእኔማ ምን ከፋኝ፤ ደንበኞቼ ናችሁ!"

ልጅቷ አልሳቀችም።

ዛሬ አንዱን አሳርዳ፣ ከጠዋት ጀምሮ በመለስተኛ እሳት አብስላ ለምሳ አቀረበችልኝ። ሥጋው ትንሽ ነው፣ ጠንከርም ይላል። መረቁን አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ ግን ያ ሁሉ ዘመን ተመለሰ፤ ባለቤቴ አጥንት ሲግጥ፣ ልጆቼ በክንፍ ሲጣሉ፣ ትንሹ ድስቱን በጣቱ ሲጠርግ። እንባዬ መጣ።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያዋጣል?"

"ይጣፍጣል እኮ! እንዲህ ያለ መረቅ ዛሬ ከየት ይገኛል?"

"ጣዕሙን አልጠየቅሁሽም። አያቴን አዋጥቶት ነበር ወይ?"

አዎ ብላት ታምነኛለች። ይቺን ቃል ብቻ ብናገር እዚሁ ትቀርልኛለች። እጆቿን አየሁ፤ በውኃና በመኖ አቧራ ተሰነጣጥቀው የእኔን መስለዋል።

"አላዋጣውም" አልኳት። "እንቁላል ጣዮቹ ትንሽ ይደጉሙን ነበር። ወንዶቹን ግን የሚቀልባቸው የእንጨት ሥራው ነበር። በር ሠርቶ፣ ጠረጴዛ ሠርቶ ያገኘውን ለእነሱ መኖ ያደርገው ነበር። መጣል አንጀቱ አይችልም። እኛው በላናቸው እንጂ ለገበያ የሚሆን ሥጋ ይዘው አያውቁም።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ።

"ብሄድ ማን አለሽ?"

"እኔን ተይኝ። የቀሩትን ቀስ እያልኩ መረቅ አደርጋቸዋለሁ። አንቺ ብቻ አውቶቡስ ውስጥ በር አጠገብ እንዳትቀመጪ። መስኮት አጠገብም ንፋስ አለ። መሐል ተቀመጪ። መሐሉ ደግሞ ሌባ አይጠፋውም..."

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን አዞረችብኝ። ሳህኖቹን አጠበች፤ ጓዳ ገባች፤ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

"ሹራብ ይዘሻል?" አልኳት።

አንገቴ ሥር ተሸጉጣ እቅፍ አደረገችኝ። ትከሻዬ በእንባዋ ራሰ። ከዚያ ለቀቀችኝና በሩን ከፍታ ወጣች።