የላላው ልቧ አይደለም

«እግርሽን ልቀቂው! ጡንቻሽን አታጥብቂብኝ!» አሉ ዶክተር ኡርቫሺ፣ የሚናክሺን ቀኝ እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ እየጠመዘዙ።

ጉልበቷ ቀስ ብሎ ታጠፈ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ከቦታው ዘለለ። ከጉልበቷ ሥር የታሰረችው ትንሽ መለኪያ ዝላዩን ያዘችው። ከመለኪያዋ ጋር የተያያዘው ስክሪን ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ተወነጨፈ።

«ይኸው! እሱ ነው!» ሚናክሺ ካልጋው ብድግ አለች። «ሜዳ ላይ የሚጥለኝ ይሄ ነው!»

«ተኚ አንቺ! ገና ግራውን አልለካሁም።»

አባቷ ራጅቢር ከግድግዳው ተጠግተው ጥምጥማቸውን በእጃቸው ያሻሉ። የሚያልቧቸውን ጎሾች ለጎረቤት አደራ ብለው ነው ከመንደር ወደ ሮህታክ ከተማ ይዘዋት የመጡት።

ሚናክሺ ካባዲ የተባለው የህንድ የቡድን ጨዋታ ተጫዋች ናት። ባለፈው ዓመት የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ሌላ ተተካላት። ቁስሉ ዳነ፤ የኤም አር አይ ፎቶውም «ጅማቱ ደህና ነው» አለ። ይሁን እንጂ ወደ ተጋጣሚዎቿ ሜዳ ገብታ፣ አንዷን ነክታ ልትመለስ ዞር ስትል ጉልበቷ ይከዳታል። አሰልጣኟ ሱክቢር በቡድኑ ፊት «የላላው ጉልበትሽ አይደለም፣ ልብሽ ነው» ይላት ነበር። ከመስማቷ ብዛት እሷም ልታምነው ምንም አልቀራት።

ዶክተሯ ግራውን ለኩ። መስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ቀኙን ደገሙት፤ ያው ሽቅብ ተወነጨፈ። እንደገና፤ ያው። ዶክተር ኡርቫሺ ራሳቸው ፊታቸው በደስታ ፈካ።

«ታዲያ ፎቶው ይህን እንዴት አላየውም?» አሉ ራጅቢር።

«አባባ፣ ፎቶው የተነሳው ተኝታ፣ ጉልበቷ ሳይንቀሳቀስ ነው። የተኛች ጎሽ ማንከስ አለማንከሷን ያውቃሉ?»

ራጅቢር ሳቁ። «አስነስተው ካላስኬዷት በምን ይታወቃል!»

«እንደዚያው ነው። መሃል ያለው ጅማት በደንብ ተሠርቷል። ከጉልበቱ በውጭ በኩል ያለው ማሰሪያ ጅማት ግን አብሮ ተጎድቶ ኖሮ ማንም አልነካውም። እሱን አጠነክረዋለሁ።»

«ከዚያ በኋላስ እጫወታለሁ?» አለች ሚናክሺ።

«እንዲሁ በባዶ ቃል አልገባልሽም። ግን እዚያው ቀዶ ጥገናው ላይ እያለሁ እንደገና እለካለሁ። መስመሩ ካልወረደ ቁስሉን አልሰፋም።»

ሚናክሺ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አባቷ የምታለቅስ መስሏቸው ተጠጉ፤ እሷ ግን በሳቅ እየተንፈረፈረች ነበር።

«አባዬ፣ አልፈራሁም እኮ! ፈሪ አይደለሁም!»

«የእኔ ልጅ መቼ ፈርታ ታውቃለች!» አሉ፤ ወዲያው ግን ባለፈው ወር ራሳቸውም «ምናልባት ፈርተሽ ይሆን?» ማለታቸው ትዝ ብሏቸው አቀረቀሩ። ሚናክሺ እጃቸውን ያዘች።

ስልኳ ጮኸ። ሱክቢር ነው። «ቅዳሜ የተጫዋቾች ምርጫ አለ። ጉልበትሽን ጠፍረሽ ነይ፤ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«ስጣት፣ አሰልጣኝ። እኔ ልታከም ነው።»

«ደግሞ ሰበብ!»

«የለም። ተለክቶ ታየ።»

ስልኩ ተዘጋ። ራጅቢር ስክሪኑን እያሳዩ ተቆጡ፦ «ይህን ፎቶ አንሺና ላኪለት! ይየው እንጂ! ይፈር!»

ሚናክሺ ፎቶውን አነሳች። የሱክቢርን ስም ግን አልፋ ሌላ ስም ፈለገች፤ ፎቶውን ልካ ደወለች። ፑሽፓ ትባላለች። እሷም ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ እንደዚሁ ፈሪ ተብላ፣ ካባዲን ትታ መንደሯ የገባች ልጅ ናት።

«ፑሽፓ? ዞር ስትዪ አሁንም ይከዳሻል?»

«አዎ። ምነው?»

ሚናክሺ ወደ ዶክተሯ ቀና ብላ እሷንም ያዩላት እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀች። ዶክተር ኡርቫሺ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ እዪው። ከዚያ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሮህታክ ነይ።»