ብረቱ ጥሎት የወጣው ትምህርት

ነርሷን ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ባንድ ዓመት ሲያልፉ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ለእሷ ሲል ትምህርቱን ትቶ ብየዳ ቤት ገባ። የሥራ ጓደኞቹ «ብረቱ» ይሉታል፣ እሷ ግን ከጋሼ ሌላ ጠርታው አታውቅም። ሲጋራ ከአፉ የሚለየው የብየዳ ጭምብሉን ሲያጠልቅ ብቻ ነበር። ስትቆጣው፣ ሳንባዬ ጭስ ስለለመደ ንጹሕ አየር ቢገባበት ይደነግጣል እያለ ያስቃት ነበር።

ጤና ጣቢያው ሲጋራ የማስተው ትምህርት ሲጀምር እንድታስተምር የተመደበችው እሷ ናት። መጀመሪያ የለመነችውም ወንድሟን ነው። እሷን እምቢ ማለት አይሆንለትምና አንድ ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ፣ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። አብረውት የተቀመጡት አብዛኞቹ የቢሮ ሰዎች ነበሩ። እሷ ወረቀት አደለችና በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቀች። ተራው ሊደርሰው ሁለት ሰው ሲቀር ብድግ አለ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ ብሎ ወጣ። መነጽር ኖሮት አያውቅም። እሷ ግን በሰው ፊት አሳፈረኝ ብላ አኮረፈች እንጂ ነገሩን አላጤነችም። ዳግመኛም አልለመነችውም።

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት የወንድሟ ሳል ደም ቀላቀለ። ሐኪሙ በሽታው ሥር መስደዱን ነገራት። ያን ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ያኔ ለምን ጥሏት እንደሄደ ጠየቀችው።

«እታለም፣ እኔ እኮ ማንበብ አልችልም» አላት ቀስ ብሎ። «የተማርኳትም ጠፍታብኛለች። የነርሷ ወንድም ማይም ነው እንዲሉሽ አልፈለግሁም።»

እሱ ፊት አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ እስኪወጣላት አለቀሰች።

በሳምንቱ ወረቀቶቿን ትታ ባዶ እጇን ብየዳ ቤቱ ሄደች። ፎርማኑን ለምና የሻይ ሰዓት ላይ ከሠራተኞቹ ጋር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እንዲያወሩ ጠየቀቻቸው እንጂ አላስተማረችም። ችግሩ ሱሱ ብቻ እንዳልነበረ ያወቀችው ያኔ ነው፤ እነሱ ዘንድ የተዘረጋ ሲጋራን አልፈልግም ማለት ባልንጀራን መናቅ ነው። በዕድሜ የሚበልጧቸው፣ «ጋሽ መዶሻ» የሚሏቸው ሰውዬ፣ ከእንግዲህ እንቢ ያለ አይታማ፣ የጋበዘ ግን ይታማ ብለው ፈረዱ። ሁሉም ሳቁ፣ ተስማሙም።

ብረቱ አንድ ቀን ተደግፎ መጣ። ብዙ መናገር አልቻለም፤ ለጎረምሶቹ፣ እኔን አይታችሁ ተውት አላቸውና ትንፋሹ አጠረው።

እሷ ብየዳ ቤቱ በሄደች በስምንተኛው ሳምንት ወንድሟ አረፈ።

ጋሽ መዶሻ ለቅሶ ቤት ከጎኗ ተቀመጡ። ሰባት ሰው መተዉን፣ እሳቸውም ሃያ ቀን መድፈናቸውን ነገሯት። ደስ እንዲላት ብለው ነበር።

«ለሱም እኮ የሚያስፈልገው ይቺው ያለ ወረቀት አብሮ መቀመጥ ነበረች» አለች። «ጋሼ መጥቶልኝ ነበር። በእግሩ መጥቶልኝ ነበር።»

ሽማግሌው ነጠላዋን አስተካከሉላት፣ እሷም ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በወሩ የጎረቤቱ ጋራዥ ሠራተኞች እኛም ጋ ነይ ብለው ላኩባት። ሄደች፤ ግን ወንድሟን የሚመስል ሰው ከመሃላቸው ባየች ቁጥር ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር።