ዳይናሞ ጠምጣሚዋና የወንድሟ መኪና

ሴትዮዋ ዳይናሞ ጠምጣሚ ናት። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር ሲመጣላት የከሰለውን ሽቦ ነቅላ አዲስ ትጠመጥማለች። የምትሠራው በሩ ወደ መንገድ በሚከፈት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ እሷም ክዳ አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የወንድሟ ሚስት ማዳበሪያ ታቅፋ ገባች። ከማዳበሪያው ውስጥ በሪሞት የሚነዳ መኪና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መጫወቻ ይባል እንጂ ክንድ የሚያህል፣ በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራ የእውነት ሞተር ያለው ነው። ባሏ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ እሑድ እሑድ ከተማው ጫፍ ላይ ባለ ባዶ ሜዳ ከጓደኞቹ ጋር የሚወዳደረው በዚህ ነበር።

«ከአምናው አደጋ ወዲህ ማስነሳት አቅቶታል» አለች ሚስትየው። «የጭነት መኪናው የኋላ በር ከወደቀበት ጀምሮ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አይጨብጡም። የማስነሻውን ገመድ ልሳብ ሲል አይሆንለትም፣ ካርቡራቶሩን ልቃኝ ሲል ካቻቢቴው ያመልጠዋል። ለማንም ትንፍሽ አይልም፤ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው። እባክሽ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አድርጊው።»

«እሱ ልኮሽ ነው?»

«ኧረ ቢሰማ ቆዳዬን ይገፈዋል!»

ጠምጣሚዋና ወንድሟ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። አባታቸው የሞቱት እሷ አንድ ፋብሪካ ገብታ ትልቅ ሞተር ስትጠግን በሰነበተችባቸው ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ስትመለስ ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ደረሰች። ወንድሟ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ «ስልክሽ አልሠራ አለ» አላት። ስልኳ ሦስቱንም ቀን ከሽርጧ ኪስ አልወጣም፤ የማንም ደንበኛ ስልክ ሲገባላት ነበር የዋለው። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዳቸው ይሻገራሉ።

ስለዚህ መኪናውን የተቀበለችው አዝናለት አይደለም። ሞተሩን ፈትታ የምታወጣው እሷ መሆኗ ደስ ስላላት ነው።

«ተይው» አለች፤ «እሠራዋለሁ።»

የወንድሟ ሚስት ገና በሩን ሳትዘጋ ካቻቢቴዋን አነሳች። ማርሚታውን ነቀለች፤ ከውስጡ ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ። የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ነቀለች፣ ፍሪሲዮኑን ነቀለች። በመጨረሻ የሞተሩን አራት ብሎኖች ፈትታ ብድግ ስታደርገው አንጀቷ ራሰ። ቤቱ በነዳጅ ሽታ ታፈነ። «እንዲህ ነህ!» አለችው ሞተሩን፣ ወንድሟ እፊቷ የቆመ ይመስል።

ሻንሲውን በጨርቅ ስትወለውል ግን ከኋላ በኩል ስንጥቅ አየች። የግጭት ስንጥቅ አይደለም። አጠገቡ የጫማ ሶል አሻራ ታትሟል። ገባት። ቀኙ አልይዝ ሲለው መኪናውን መሬት ላይ በእግሩ ረግጦ በግራው ገመዱን ይስብ ኖሯል፤ የሰውነቱ ክብደት ሰነጠቀው። ብቻውን፣ ሰው በሌለበት፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ማን ያውቃል? አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥ አደረገችው። ስንጥቁን ከሥር በቀጭን ብረት ደገፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ራሱ ያዛት። ያዘዘችው ብራሽ የሌለው ሞተር ነው፤ ካርቦን የለው፣ የሚፋተግ ነገር የለው፣ ሦስት ሽቦ ብቻ ይወጣለታል። የድሮው ሞተር መቀመጫ ስላልተስማማው ከአሉሚኒየም ቆርጣ በሞረድ ሞርዳ ሌላ መቀመጫ አበጀችለት። የማርሾቹ ጥርሶች ሲነካከሱ እንዳይጠብቁም እንዳይላሉም በመካከላቸው ቁራጭ ወረቀት አስገብታ ሞተሩን አስጠግታ አሰረችው፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳበችው። ነዳጁ በነበረበት በኩል ለባትሪው ሳጥን ሠራች፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ውኃ በማይደርስበት ጥግ አስቀመጠች።

ዓርብ ቀትር ላይ በሩ ተበርግዶ ወንድሟ ገባ። ሚስቱን አስጨንቆ አናዟታል ማለት ነው። የድሮ ሞተሩን ሳህን ላይ ተጋድሞ ሲያየው ዓይኑ ደም ለበሰ።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ሚስትህ።»

«የሰው ዕቃ መበርበር ለመደብሽ! ይሄን ሞተር በእጄ ነው የፈታሁት፣ በእጄ ነው የገጠምኩት። ሽቦ ከመጠምጠም ሌላ ምን ታውቂና ነው?»

«መልሰህ ግጠመው እንግዲህ» አለች፣ ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች። «ብሎኖቹ እነኋቸው። ግጠመውና እዚሁ ፊቴ አስነሳው። ከተነሳ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

በግራ እጁ ሞተሩን አነሳ። በቀኙ ብሎን ሊቆነጥር ሲል ብሎኑ አመለጠውና ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ሁለተኛም አመለጠው። እሷ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች። ላንሳልህ አላለችም። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እሷን ግን እንዳሰበችው ደስ አላላትም። 

«አንቺ ክፉ ነሽ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«ከማን ተምሬ!»

ሥራው ያለቀለትን መኪናውንም የድሮ ሞተሩንም ማዳበሪያው ውስጥ ጨምሮ ወጣ። ባትሪ የሚሞላበትን ዕቃ ረስቶት ሲሄድ ተከትላ በሩ ላይ ወረወረችለት። ከመሬት አንስቶት ሄደ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ሄደች። ሥራዬን ልየው ብላ ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈለገችም። ወንድሟ ሪሞቱን በግራው ይዞ፣ ማዞሪያውን በቀኝ መዳፉ እያሸ ቆሟል። ለዚህ ጣት አያስፈልግም። የሌሎቹ መኪኖች እያጓሩ ጭስ ሲተፉ የሱ ድምፁ ሲር ከማለት አያልፍም።

«ምነው፣ የስፌት መኪና ይዘህብን መጣህ?» አለ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ። ሁሉም አሽካኩ።

ወንድሟ የሪሞቱን ቃታ በግራ ጣቱ ሳበ። መኪናው ከፊት ተነሥቶ በጀርባው ተገለበጠ። እንደገና ሳቁ። አቃንቶት በሁለተኛው ላይ ቀስ ብሎ ሳበ። መኪናው አቧራውን ሰንጥቆ የሌላውን ጓደኛውን የባለ ዳቦ ቤቱን መኪና አለፈ፣ የፀጉር አስተካካዩን አለፈ፣ ሦስት ዙር ሞልቶ ማንም ሳይደርስበት ገባ። ሳቁ ቆመ፤ ሰዎቹ ከበቡት።

«ማነው የሠራልህ?» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ አጎንብሶ የአሉሚኒየሙን መቀመጫ እየነካካ። «እጁ ይባረክ!»

ወንድሟ እህቱን ከሰዎቹ ጀርባ አይቷታል። አይቷትም እንዲህ አለ፦ «ማን ይሠራልኛል? እኔው ነኝ።»

ደሟ ፈላ። ሰዎቹን ገፍታ እፊቱ ቆመች።

«አንተ ከሆንክ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሞተሩ ከሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ባቀያይራቸው ምን ይሆናል?»

ወንድሟ ሽቦዎቹን አየ። «ይቃጠላል» አለ።

«ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው የሠራው?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ባለ ዳቦ ቤቱ አቀረቀረ። ወንድሟ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«አየሽ?» ብሎ ጮኸ። «አየሽ ይሄን ምላስሽን? አባባ የሞተ ጊዜ ያልደወልኩልሽ ለዚህ ነው! ሰው ፊት ቆመሽ ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድከውም፣ ለምን ዘገየህ እያልሽ ልታዋርጂኝ ነበራ! አባቴን በሰላም ልቅበር ብዬ ነው!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሞተሮቹ ሁሉ ጠፍተው ስለነበር ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። ዳር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ታይ የነበረችው ሚስቱ ተነሥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስልክሽ አልሠራ አለ ነበር ያልከኝ» አለች ጠምጣሚዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እሱ ሪሞቱን አገላበጠ። 

ስድስት ዓመት ሙሉ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ከእሱ አፍ መስማቱ ግን ሌላ ነው። በጥፊ ልትለው እጇ ተነሥቶ ነበር፤ የማይጨብጡት ጣቶቹ ማዞሪያው ላይ ተዘርግተው አየችና እጇን ወደ ኪሷ ከተተች። ዞራ ሄደች። ማንም አልተከተላትም።

ረቡዕ ዕለት ሚስትየው መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ተጸጽቷል» አለች።

«እንደዚያ አለሽ?»

«አላለም። ግን እህል አይቀምስም፣ ሌሊቱን ይገላበጣል...»

«ሳይል አትበይለት። አፍ አለው፤ እሑድ ሰምቼዋለሁ።»

«ሞተሩን መልሼ ልግጠም ይላል እኮ።»

«ይግጠም። የራሱ ነው።»

አልገጠመም። ዛሬም እሑድ እሑድ ድምፅ የሌለውን መኪና ይነዳል አሉ፤ ማን ሠራልህ ሲሉት እኔው ነኝ አይልም፣ እህቴ ናትም አይልም። እሷም ከዚያ ወዲህ ሜዳውን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን እሷ መሻገር ትታለች፤ የእግረኛውን መንገድ መሃሉን ይዛ ፊት ለፊቱ ትሄዳለች፣ የሚሻገረው እሱ ነው።