የተንበረከከችው ሴት

«ይሄ ነው እናታችን፣» አለ ወንድም ታፈሰ፣ ስልኩን ወደ ወይዘሮ ሸዋረገድ እያስጠጋ። «እሑድ በመታሰቢያው ላይ በትልቁ ስክሪን የምናሳየው። ዩቱብ ላይ ነው ያገኘነው። እንዴት ያለ ጸሎት መሰለዎ።»

ሸዋረገድ መነጽራቸውን ፈለጉ። ግንባራቸው ላይ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ሐሴት ዝቅ አደረገችላቸው። ስልኩ ውስጥ የሐሴት እናት፣ የቀበሯት ልጃቸው ሐይማኖት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሻማ ፊት ተንበርክካ በጣሊያንኛ ታዜማለች።

ቴክሳስ፣ ማኪኒ ከተማ ያለው ቤታቸው ከቀብሩ ወዲህ ሰው አልተለየውም። የለቀስተኛው መኪና የጎረቤት ደጅ ድረስ ፓርክ ተደርጓል፤ ጋራዡ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ተደርድሯል፤ የሚመጣው ሁሉ የውሃ ካርቶንና በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ ይገባል። ሸዋረገድን የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነው። ሐሴት እህል አልቀመሰችም። የኤሲው ቀዝቃዛ አየር አናቷ ላይ ይነፍሳል። አሁን ደግሞ ይኸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ኃላፊ ታፈሰ።

ሐይማኖት ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኦፔራ ዜማ ስትማር ቤተ ክርስቲያኑ ጸልዮ ነበር የሸኛት። ከተመረቀች በኋላ ያልቆመችበት መድረክ የለም። ኦፔራ ውስጥ ከአጃቢዎቹ ጋር ዘፈነች፤ በማታውቃቸው ፈረንጆች ሰርግና ቀብር ላይ ዘፈነች፤ መጦሪያ ቤት እየሄደች የገዛ ስማቸውን ለረሱ ሽማግሌዎች አዜመች። ሌዊስቪል ከተማ ላይብረሪ ውስጥ ሜክሲኮውንም ህንዱንም ሐበሻውንም ልጅ ሰብስባ በነጻ ኳየር አቋቋመች። እሑድ እሑድ ግን ቦታዋ ከመዘምራኑ መሀል ነበር።

ኋላ የኦፔራው ቡድን ዋናዋን ሴት እንድትጫወት መረጣት። ያን ጊዜ ነው ሐይማኖት የመጠጥ ቤት ሴት ሆና ቲያትር ሠራች የሚል ወሬ ቤተ ክርስቲያኑ የገባው። ከምእመኑ ማንም ሄዶ አላየም። ታፈሰ ማይኩን ከእጇ ተቀብሎ፣ እስክትመለስ ድረስ ከኋላ እንድትቀመጥ ነገራት። ከምን እንደምትመለስ አልገባትም። ካንሰሩ እስኪጥላት ድረስ ከኋላ ተቀመጠች፤ እዚያም ሆና ሰው እንዳይዞር ድምፅዋን አፍና ነበር የምትዘምረው።

ሸዋረገድ ስልኩን ደግመው አዩት። ቀሚሱን አወቁት፤ ወገቡን ያጠበቡት ራሳቸው ናቸው። ይህ ያ ቲያትር ነው። የመጠጥ ቤቷ ሴት ጥሏት የሄደውን ውሽማዋን እየጠራች የምትሞትበት ቦታ። እነታፈሰ ተንበርክካ ስላዩ፣ ቋንቋውም ስላልገባቸው፣ መዝሙር ነው ብለው መርጠውታል።

ሐሴትም ገብቷታል። ጆሯቸው ስር ተጠግታ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ያ ቲያትር ነው። ልንገረው?» አለች።

ሸዋረገድ የልጅቷን ጉልበት በእጃቸው ጫን አደረጉት። ቢነገረው ዛሬውኑ ያነሳዋል። በምትኩ ፎቶዋን ይሰቅላሉ፤ እሱም ስለ ትሕትናዋ ይናገራል፤ የልጃቸው ድምፅ ያን አዳራሽ ሳይነካ ይቀራል። ባይነገረው ደግሞ ያባረራት አፍ ሊያመሰግናት ነው። የቱንም ቢመርጡ መራራ ነው።

ታፈሰ ሐይማኖት በዜማው ምን እያለች እንደሆነ ጠየቀ። ትርጉሙን ከስር በአማርኛ ሊጽፉበት አስበዋል።

«ምንም አትጻፉበት፣» አሉ ሸዋረገድ። «ድምፁን ብቻ ከፍ አድርጉልኝ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲሰማ።»

«እንዴታ እናታችን።»

ይህን ሲባባሉ ዜማው አለቀና ስልኩ ውስጥ ያለው አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። ለቅሶ ተቀማጩ ዞር ዞር አለ። ታፈሰ ደንግጦ ድምፁን ለመቀነስ ስልኩን ይነካካ ጀመር፤ ፈረንጅ ለመዝሙርም ያጨበጭባል እያለ ለሰዉ ያስረዳል።

ሸዋረገድ አላዩትም። በጥቁሩ ነጠላቸው ስር ሁለት መዳፋቸውን ቀስ ብለው አገጣጠሙ። አላቀቁ። ድምፅ ሳያሰሙ፣ እንደሚያጨበጭብ ሰው፣ እንደገና አገጣጠሙ።